«አሳሳትክ ወይስ ተሳሳትክ?» — ፈረንሳይኛን በአማርኛ በኩል ስለማስተማር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ ነው። ከዚራ ሰፈር ፈረንሳይኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። ከጅቡቲ ወደብ ጋር የሚገናኝ ሥራ ያላቸው አሉ። ኬቤክ ለመሄድ የቋንቋ ፈተና የሚጠብቃቸው ነርሶች አሉ። ሆቴል የሚሠሩም፣ ጄኔቭ ወይም ብራስልስ ዘመድ ያላቸውም ይመጣሉ። ቀን ላይ ሙቀቱ ፋታ ስለማይሰጥ የምንገናኘው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው።

ደብዳቤዬ ስለ አንድ የሰዋስው ጉዳይ ነው። ለጋዜጣ የማይሆን ርዕስ ሊመስል ይችላል። ግን ብዙ ወጣቶች ደህና ሲገፉ ቆይተው ቀጥ የሚሉት እዚችው ቦታ ላይ ነው። አንዳንዶቹ ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ ከባድ አለመሆኑ ነው። እንዲያውም ከብዙ ሕዝብ ይልቅ ለእኛ ይቀላል። ያከበድነው እኛ አስተማሪዎች ነን፤ ከአማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ የሚሄደውን ሰው በእንግሊዝኛ አዙረን ስለምንወስደው።

ጉዳዩ ፈረንሳዮች «ቬርብ ፕሮኖሚናል» የሚሏቸው ግሦች ናቸው። ከፊታቸው «መ»፣ «ተ»፣ «ሰ»፣ «ኑ» ወይም «ቩ» የምትል ትንሽ ቃል ትገባለች። ድርጊቱ ወደ አድራጊው ወደ ራሱ መመለሱን ትናገራለች። መዝገበ ቃላት ውስጥ «ሰ ላቬ» (መታጠብ)፣ «ሰ ለቬ» (መነሳት) ተብለው ታገኟቸዋላችሁ። (ፈረንሳይኛውን ሁሉ በጆሮ እንደሚሰማው በፊደላችን እጽፈዋለሁ። «ቱ» ስል ከንፈራችሁን አሹላችሁ «ቲ» በሉ።)

ፈረንሳይኛ ተምሮ የማያውቅ ሰው እንኳ ከእነዚህ ግሦች አንዱን ያውቀዋል። «ዠ ማፔል» ብሎ ስሙን ይናገራል። ይህ «አፔሌ»፣ ማለትም «መጥራት» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። በእንግሊዝኛ በኩል የተማረ ሰው «ስሜ እገሌ ነው ማለት ነው» ይላችኋል። ውስጡ ያለችውን «መ» አያያትም። እኛ ግን ራሳችንን ስናስተዋውቅ ምን እንላለን? «አልማዝ እባላለሁ» እንላለን። «አለ» ከሚለው «ተባለ» መጣ፤ ከ«ተባለ» ደግሞ «እባላለሁ»። ፈረንሳዩም «መጥራት» የሚለውን ግሥ ይዞ ወደ ራሱ መለሰውና ስሙን ነገራችሁ። የሁለቱ አካሄድ አንድ ነው። የመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ይህን ለተማሪው ማሳየት ይቻላል። አናሳየውም።

ለምን በእንግሊዝኛ እንደምናዞር ይገባኛል። ድሬዳዋ ራሷ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በዚያ ዘመን ፈረንሳይኛ የባቡሩም፣ የትምህርት ቤቱም ቋንቋ ነበር። አዲስ አበባ ላይ «ላ ጋር» የሚለው ቃል «ለገሃር» ሆኖ የሰፈር ስም እስኪሆን ድረስ ከሰው አፍ ገብቷል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ግን እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ። ዛሬ ሁላችንም ሁለተኛ ደረጃን የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ሌላ የውጭ ቋንቋ ስንማር እጃችን ሳናስበው ወደ እንግሊዝኛ ይሄዳል። ገበያ ላይ ያሉት መጻሕፍትም ብዙዎቹ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተጻፉ ናቸው።

አንድ ተማሪዬ ሌላ ቦታ ሲማር የተሰጠውን ሃንድአውት አምጥቶ አሳይቶኛል። በግራ በኩል ፈረንሳይኛው አለ። በቀኝ በኩል «ማይሰልፍ»፣ «ዩርሰልፍ»፣ «ሂምሰልፍ» እያለ ይወርዳል። «ዠ መ ላቭ» ላይ ያስኬዳል። «ዠ መ ሌቭ» ላይ ሲደርስ ግን ምን ሊባል ነው? እንግሊዛዊ ከአልጋው ሲነሳ «ማይሰልፍ» አይልም። ሲቀመጥም፣ ሲቸኩልም፣ ሲሳሳትም አይልም። ልጁ ሃንድአውቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «እዚህ ጋ ለምን?» ብሎ ጽፏል። መልስ አላገኘም። ከዚያ በኋላ ያለውን በቃሉ ሸምድዶ ነው የመጣው።

ይኸው ልጅ ትራንዚተር ነው። ጅቡቲ ካሉ ሰዎች ጋር በየቀኑ ይጻጻፋል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ስልኩን ይዞ ወደ እኔ መጣ። የሁለት ደንበኞች ሰነድ ተቀያይሮበት የአንዱን ለሌላው ልኮታል። ይቅርታ ሊጠይቅ መልእክት ጽፏል፤ ግን አልላከውም። «አንዴ እዪልኝ» አለኝ። አነበብኩት። «ዤ ትሮምፔ ለ ክሊያን» ይላል።

«ትሮምፔ» ማለት ማታለል፣ ማሳሳት ነው። መልእክቱ ሲነበብ «ደንበኛውን አታልያለሁ» ነው የሚለው። እንኳን ይቅርታ ሊያስገኝለት፣ ሥራውን ሊያሳጣው ይችል ነበር።

ሕጉን ላስረዳው አልጀመርኩም። «ደንበኛውን አሳሳትክ ወይስ ተሳሳትክ?» ብዬ በአማርኛ ጠየቅኩት።

«ኧረ ተሳሳትኩ!» አለ። ትንሽ ዝም አለና ስልኩን መልሶ ወሰደ። ራሱ አስተካከለው፤ «ዠ መ ስዊ ትሮምፔ ደ ክሊያን»። ደንበኛ ተሳሳትኩ። «መ» የሌለው «አሳሳትኩ» ነው። «መ» ያለው «ተሳሳትኩ» ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ይህ ልጅ ስለ እነዚህ ግሦች ጠይቆኝ አያውቅም። እኔን ነው የሚያርመኝ ልል ምንም አልቀረኝም፤ ሌሎቹን ተማሪዎች ያስረዳል።

እዚህ ላይ ነው ልቤ ያለው። አማርኛ ይህን ነገር በጥንድ በጥንድ አስቀምጦልናል። አጠበ፣ ታጠበ። ላጨ፣ ተላጨ። ደበቀ፣ ተደበቀ። አስነሳ፣ ተነሳ። አስቀመጠ፣ ተቀመጠ። አዘጋጀ፣ ተዘጋጀ። አስጨነቀ፣ ተጨነቀ። አስገረመ፣ ተገረመ። አንሸራሸረ፣ ተንሸራሸረ። ፈረንሳይኛ በየጥንዱ ለመጀመሪያው ባዶ ግሡን ይሰጣችኋል፤ ላቬ፣ ራዜ፣ ካሼ፣ ለቬ፣ አስዋር፣ ፕሬፓሬ፣ አንኪዬቴ፣ ኤቶኔ፣ ፕሮምኔ። ለሁለተኛው «ሰ» ያስቀድማል። ሰ ላቬ፣ ሰ ራዜ፣ ሰ ካሼ እያለ ይሄዳል። ውሻውን የሚያንሸራሽር ሰው «ፕሮምኔ» ይላል። ራሱ የሚንሸራሸር ሰው «ሰ ፕሮምኔ» ይላል። አያቶቻችን ያወረሱን ቋንቋ ይህን ልዩነት ከልጅነት ጀምሮ አስተምሮናል። እንግሊዝኛ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱንም በአንድ ቃል ስለሚያልፍ ልዩነቱን ይደብቀዋል።

አሁን ወደ እርባታው ልምጣ። አማርኛችን የሚያሳስተን አንድ ቦታ አለና በግልጽ መነገር አለበት።

በአማርኛ «ተ» ለሁሉም ሰው አንድ ናት። ታጠብኩ፣ ታጠብክ፣ ታጠበች፣ ታጠብን፣ ታጠቡ። የሚለዋወጠው የግሡ ጅራት ነው። በፈረንሳይኛ ግን ትንሿ ቃልም ትለዋወጣለች። ዠ መ ላቭ። ቱ ተ ላቭ። ኢል ሰ ላቭ፤ ኤል ሰ ላቭ። ኑ ኑ ላቮን። ቩ ቩ ላቬ። ለ«እነሱ»ም በጆሮ ያው ነው፤ ኢል ሰ ላቭ። ስለዚህ የእኛ ተማሪ መዝገበ ቃላት ላይ «ሰ ላቬ»ን ያይና «ሰ»ን እንደ «ተ» ቆጥሮ ያደርቃታል። «ዠ ሰ ላቭ» ይላል። ይህ ስህተት ከስንፍና አይመጣም። የገዛ ቋንቋው ሕግ ነው የሚነዳው። ይህን የሚያውቅ አስተማሪ «የእኛ ተ አትነቃነቅም፣ የእነሱ ግን ከባለቤቱ ጋር ትሄዳለች» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋዋል።

«መነሳት እፈልጋለሁ» ሲባልም ያው ነው። «መነሳት» ላይ ማን እንደሚነሳ የሚነግር ነገር የለም። ስለዚህ ተማሪው «ዠ ቩ ሰ ለቬ» ይላል። ትክክሉ «ዠ ቩ መ ለቬ» ነው (እዚህ «ዠ ቩ» «እፈልጋለሁ» ማለት ነው፤ «እናንተ» የሚለው «ቩ» አይደለም)። ግሡ ሳይረባ ቢቀመጥም ትንሿ ቃል ባለቤቷን አትለቅም።

«ኑ ኑ ላቮን» ላይ ክፍሉ ሁሌም ይስቃል። ሰው የሚጠራ ይመስላል። ሳቃቸውን አልከለክልም፤ ያስታውሱታል። «ኑ» ለምን ሁለቴ ሲሉኝ አንዷ «እኛ» ናት፣ ሌላዋ የአማርኛዋ «ተ» ናት እላቸዋለሁ። «ኮማን ቩዛፕሌ ቩ» (ማን ይባላሉ?) ላይም ሁለቱ «ቩ» እንዲሁ ናቸው።

«ቩ» ለእናንተም ለእርስዎም እንደሚያገለግል ለማስረዳት ግን አልደክምም። አንተና አንቱን ለይቶ ያደገ ሰው «ቱ» እና «ቩ» ሲባል ወዲያው ይገባዋል።

«መ» አናባቢ ፊት ስትመጣ ትዋጣለች። መ አፔል ሳይሆን ማፔል። ይህም ለእኛ አዲስ አይደለም። «ተ» እና «አጠበ» ሲገናኙ «ተአጠበ» አንልም፤ «ታጠበ» እንላለን። «ታሰረ»፣ «ታወቀ»፣ «ታመነ» ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ፈረንሳዮች በቦታዋ ጭረት ያደርጉላታል፤ እኛ ፊደሉ ውስጥ እናስገባታለን።

አሉታው ደግሞ እኔን ራሴን ሁልጊዜ ያስደስተኛል። «አልተነሳሁም» የሚለውን ቁረጡት። አል፣ ተ፣ ነሳሁ፣ ም። ማፍረሻው ከፊትና ከኋላ ይዞታል፤ «ተ» መካከል ናት። አሁን ፈረንሳይኛውን ቁረጡት። ነ፣ መ፣ ሌቭ፣ ፓ። «ዠ ነ መ ሌቭ ፓ» ማለት አልነሳም ነው። ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። ተማሪ «ነ ትቀድማለች ወይስ መ?» ብሎ ሲጨነቅ «አል ትቀድማለች ወይስ ተ?» በሉት። ኃላፊ ጊዜ ላይ ብቻ «ፓ» ከረዳት ግሡ አጠገብ ትገባለች፤ «ዠ ነ መ ስዊ ፓ ለቬ»።

ትእዛዝ ላይ ግን አማርኛ አይረዳንም። ልምምድ ነው። ትንሿ ቃል ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ የፈረንሳይኛዋ «ተ»ም «ቷ» ትሆናለች። ሌቭ ቷ፣ ተነስ። አሴዬ ቩ፣ ይቀመጡ። አትነሳ ሲባል ደግሞ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፤ ነ ተ ሌቭ ፓ። አባቴ ምድር ባቡር የጥገና ክፍል ነበር የሚሠራው። ሰዋስው አልተማረም። ግን ትምህርት ቤት ሲረፍድብን «ዴፔሽ ቷ!» (ቶሎ በል!) ሲል በሩ ላይ ነበርን። ልጅ ሆነን የሰማነው ትእዛዝ ከአእምሮ አይወጣም። ተማሪዎቼንም ትእዛዙን በቃል እየተጣሩ እንዲለማመዱት የማደርገው ለዚህ ነው።

ወደ ነርሶቹ ልምጣ። ለእነሱ ይህ ሰዋስው ፈተና ማለፊያ ብቻ አይደለም። ሞንትሪያል ሆስፒታል ውስጥ ታካሚ የሚናገረው በእነዚህ ግሦች ነው። «ዠ መ ስዊ ካሴ ላ ዣምብ» ይላል። በእንግሊዝኛ ስትሄዱበት «አይ ብሮክ ማይ ሌግ» ነው፤ «መ» ምን እንደምትሠራ ግራ ይገባችኋል። በአማርኛ ግን «እግሬን ተሰበርኩ» ነው። ደገም አድርጋችሁ አንብቡት። «ተሰበርኩ» ላይ ተ አለች። «እግሬን» ላይ ደግሞ የተሳቢ «ን» አለች። ሁለቱም አንድ ላይ! «ጣቴን ተቆረጥኩ» ማለት «ዠ መ ስዊ ኩፔ ለ ዷ» ነው። «እጄን ተቃጠልኩ» ማለት «ዠ መ ስዊ ብሩሌ ላ ማን» ነው። «እጄን ታጠብኩ»ም፣ «ፂሙን ተላጨ»ም እዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ፈረንሳይኛ ከእኛ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው። እኛ «እጄን» ብለን የእጁን ባለቤት እንናገራለን። እነሱ «እጅን» ብቻ ይላሉ፤ የማን እንደሆነ «መ» ስለነገረቻቸው። «ዠ መ ስዊ ላቬ ሜ ማን» የሚል ተማሪ ካያችሁ ከአማርኛው «እጄ» ነው የመጣበት።

ኃላፊ ጊዜ ላይ ረዳት ግሡ ሁልጊዜ «ኤትር» (መሆን) ነው፤ «አቯር» የሚባለው ሌላው ረዳት አይገባም። ዠ መ ስዊ ላቬ። ቱ ቴ ላቬ። ኢል ሴ ላቬ። ኑ ኑ ሶም ላቬ። ቩ ቩዜት ላቬ። ኢል ሰ ሶን ላቬ። እዚህ ላይ ምርጫ ስለሌለ ነገሩ ቀሊል ነው። «ዠ ሜ ላቬ» የሚለው ስህተት ግን ብዙ ነው። የፈረንሳይ ሕፃናትም አፍ ሲፈቱ ይሉታል።

ቀጥሎ ያለው የጽሕፈት ጉዳይ ነው፤ ፈተና ላይ ነጥብ የሚበላው እሱ ነው። ሴት ስትሆን መጨረሻው ላይ አንዲት ዝምተኛ ፊደል ትጨመራለች። ብዙ ሲሆኑ ሌላ ትጨመራለች። በጆሮ የምትሰማባቸው ጥቂት ግሦች አሉ። እሱ ሲቀመጥ «ኢል ሴ አሲ»፣ እሷ ስትቀመጥ «ኤል ሴ አሲዝ»። ተቀመጠና ተቀመጠች እንደማለት ነው። በሌሎቹ ላይ ግን አትሰማም፤ ማሰብ ያስፈልጋል። ሕጉም ወጣ ገባ አለው። «ታጠበች» ስትሉ ፊደሏ ትጻፋለች። «እጇን ታጠበች» ስትሉ አትጻፍም፤ የታጠበው እጅ ስለሆነ፣ እሱም ከግሡ በኋላ ስለመጣ። በአማርኛ «ን» የሚይዘው ቃል በፈረንሳይኛው ግሡን ተከትሎ ካለ እጃችሁን ሰብስቡ እላቸዋለሁ።

እርስ በርስ የሚደረግ ድርጊት ላይ ደግሞ አማርኛ የሚገርም መፈተኛ ይሰጠናል። «ተሳሳሙ» እና «ተደዋወሉ» የሚሉትን ውሰዱ። በፈረንሳይኛ ሁለቱም «ሰ» አላቸው፤ «ሳምብራሴ» እና «ሰ ቴሌፎኔ»። በጽሑፍ ግን «ተሳሳሙ» ላይ የብዙ ቁጥሯ ፊደል ትጨመራለች፣ «ተደዋወሉ» ላይ አትጨመርም። የፈረንሳይ ተማሪዎች ራሳቸው የሚቸገሩበት ቦታ ነው። እኛስ? ግሡን ወደ ነጠላ መልሱት። «ሳማት» እንላለን፤ ቀጥታ ተሳቢ። «ደወለላት» እንላለን፤ «ለ» ገባች። «ለ» ከገባች ፊደሏ አትጨመርም። ሳማት፣ ይጨመራል። አያት፣ ይጨመራል። ደወለላት፣ አይጨመርም። ጻፈላት፣ አይጨመርም። መለሰላት፣ አይጨመርም። ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማውን «እህ!» የሚል ድምፅ ብትሰሙት ደስ ይላችሁ ነበር።

መፈተኛው ሁሉ ቦታ አይሠራም። የመናገርና የመጠየቅ ግሦች ላይ ይከዳል። እኛ «ጠየቃት»፣ «ነገራት»፣ «አነጋገራት» እያልን በቀጥታ እንሄዳለን፤ ፈረንሳይኛ ግን «ለእሷ» ይላል። «መሰላት»ም እንዲሁ ነው። እነዚህን ለብቻ ዘርዝሮ መያዝ ያስፈልጋል። አጭር ዝርዝር ናት።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። «ሰ» ማን እንዳደረገው ለማይነገር ድርጊትም ታገለግላለች። ቤታችን ውስጥ ስንት ጊዜ «እንዲህ አይባልም» ተብለናል? «አይደረግም»ስ? ፈረንሳያዊት እናትም ልጇን «ሳ ነ ሰ ዲ ፓ»፣ «ሳ ነ ሰ ፌ ፓ» ትላለች። ማን እንደማይለው አልተነገረም። በማን ዘንድ እንደማይደረግ አልተነገረም። አይባልም፣ አይደረግም፣ በቃ። «ሳ ሰ ቫን ቢያን» በደንብ ይሸጣል ነው። ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጉት ሁለት ጥያቄዎችም እዚህ ይገባሉ። «ኮማን ሳ ሰ ዲ?» እንዴት ይባላል? «ሳ ሴክሪ ኮማን?» እንዴት ይጻፋል? እንግሊዝኛ እነዚህን ለመተርጎም «ዋን»ን ወይም «ዩ»ን ይጠራል። እኛ ማንንም መጥራት አያስፈልገንም።

በእርግጥ የማይገጥሙ ቦታዎች አሉ። «ሰ ሱቭኒር» ማስታወስ ነው፣ «ሰ ቴር» ዝም ማለት ነው፣ «ሰ ረፖዜ» ማረፍ ነው፣ «ሳቢዬ» መልበስ ነው። በአማርኛቸው «ተ» የለችም። በተቃራኒው ተማረ፣ ተናገረ፣ ተጫወተ፣ ተቀበለ «ተ» አላቸው፤ ፈረንሳይኛቸው ግን «ሰ» አይፈልግም። «ዠ መ ፓርል» ብሎ «እናገራለሁ» ማለት የፈለገ ተማሪ «ራሴን አነጋግራለሁ» ብሏል። «ደበረኝ» ደግሞ ለብቻው ነው። በእኛ ድብርቱ ነው ባለቤቱ፣ እኛ ላይ ይመጣል። በእነሱ «ዠ ማንንዊ» ነው፤ ባለቤቱ «እኔ» ነኝ። እነዚህ ይጠናሉ። ግን ከሚገጥሙት ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው። በማይገጥሙት ምክንያት የሚገጥሙትን መጣል ትክክል አይመስለኝም።

አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ክፍል ውስጥ አማርኛ መጠቀም ተማሪውን ያሰንፈዋል ይላሉ። ፈረንሳይኛ በፈረንሳይኛ ብቻ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ነው። አከብረዋለሁ። እኔም ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የማስተምረው በፈረንሳይኛ ነው። ግን ይህን የሚሉት ሰዎች ራሳቸው «ማይሰልፍ» የሚል ሃንድአውት ሲያድሉ አያለሁ። የሌላ ቋንቋ እርዳታ የሚፈቀድ ከሆነ የተማሪው የገዛ ቋንቋ ለምን ይከለከላል? በቀን ሥራ ደክሞ የመጣ ሰው በአንድ የአማርኛ ጥያቄ የሚገባውን ነገር፣ ገና በደንብ ካልጠራለት ቋንቋ እያመጣን ስናደናግረው ማምሸት የለብንም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። የፈረንሳይኛ ሃንድአውትና ሞጁል የምታዘጋጁ ወገኖች፣ በቀኝ በኩል ያለውን «ማይሰልፍ» አውጡትና በቦታው አጠበ እና ታጠበን፣ አሳሳተ እና ተሳሳተን አስገቡ። ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ተናጋሪ ተማሪ ያላችሁ ደግሞ ተማሪዎቻችሁን ጠይቁ። እኛ ድሬ ላይ ሁሉንም በአንድ ክፍል ስለምናገኝ፣ በየቋንቋቸው «ታጠብኩ» እና «አጠብኩ» እንዴት እንደሚለያዩ ሰሌዳ ላይ አስጽፋቸዋለሁ። በዚያ ቀን ብዙ የሚናገሩት ዝምተኞቹ ናቸው።

እናንተንም የምጠይቀው አለ። ጋዜጣችሁ ለውጭ ቋንቋ ትምህርት ከገጹ ጥቂት ቦታ ቢሰጥ፣ ከአማርኛ ተነስቶ በቀጥታ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። ፈረንሳይኛ ብቻ መሆን የለበትም። ዐረብኛም ይሁን ጣሊያንኛ፣ ልጆቻችን ለሥራና ለትምህርት የሚሄዱባቸው አገሮች ቋንቋ ሁሉ በዚህ መንገድ ሊቀርብ ይችላል። በክፍል ውስጥ የሰበሰብኳቸውን የግሥ ጥንዶች፣ የሚገጥሙትንም የማይገጥሙትንም ለይቼ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ። ቦታ ካገኛችሁ አትሙት። ካልበቃችሁም ለሚጠይቃችሁ አስተማሪ አባዝታችሁ ስጡልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የፈረንሳይኛ ቋንቋ አስተማሪ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ